አምፖሉን ትተው እኔ ላይ ያረፉ የእሳት እራቶች

አደጋው የገባኝ ሐሙስ ዕለት ለዓይን ያዝ ሲል ነው። በእትዬ ዘሃራ በረንዳ ላይ ዱካ ስቤ ምስር እለቅማለሁ፤ ከራሴ በላይ አምፖል በርቷል። አንድ የእሳት እራት መጣ። ግራጫ ነው፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ይበልጣል። ወደ አምፖሉ ይሄዳል ብዬ ምስሬን ቀጠልኩ። አልሄደም፤ መጥቶ ራሴ ላይ አረፈ። በእጄ ጠረግኩት። ተመልሶ አረፈ። ሁለተኛ መጣ፣ ሦስተኛ መጣ፣ ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተውኩት።

የእሳት እራት እሳት ፈላጊ መሆኑን እኛ አገር ጥርስ ያላበቀለ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። አምፖሉ ወለል ብሎ በርቶ ሳለ እነዚህ ግን ዞር ብለውም አላዩት። የኔን ሽበት መረጡ።

እትዬ ዘሃራ ልጄ የምትኖርበት ቤት ባለቤት ናት። ከጓዳ ወጥታ አየችኝና ደጃፉ ላይ ቆመች። “የብርቄ እናት፣ እንዳትነቃነቂ” አለችኝ። “ያ ረቢ፣ ዘውድ ጭነውልሻል እኮ።”

እሷ ዘውድ ይታያታል፤ ለኔ የታየኝ ደጋ ያለው ገብሳችን ነው። ሐምሌ ነው፤ ማሳችን ገና ለምልሞ ነፋስ ሲመጣ እንደ ውኃ ይተኛል። የዓመት እንጀራችን እሱ ብቻ ነው። ይህ የእሳት እራት ደግሞ እዚህ ጨፋ በቆሎውን የፈጀው ተምች እናት አባት እንደሆነ ትናንት ልጄ አሳይታኛለች። ሰው መርጦ የሚከተል ከሆነማ፣ ተከትሎኝ አገሬ ይገባል ማለት ነው። ያገሬን ተምች ያመጣሁ እኔ ልሆን ነው። ብድግ ስል ምስሩ ከሰፌዱ ተደፋ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከመነሻው ልጻፈው። ማኅበር በተጠጣ ቁጥር አስወሩኝ፤ በተወራ ቁጥር ደግሞ አንዳንዱ ሰው የራሱን እየጨመረበት አሁን ነብርም ገብቶበታል። ነብር አልነበረም። ከሦስተኛ ክፍል ያልዘለቀ ሰው እንደሚጽፈው አድርጌ፣ ቆላ ለማትወርዱት እናንተ የሆነውን ብቻ አስቀምጣለሁ።

*ማክሰኞ*

ብርቄ የመጀመሪያ ልጄ ናት። የሰብል ባለሙያ ተብላ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ተመድባለች። ያን ሰሞን ደውላ ከባሕር ማዶ የመጣ ተምች በቆሎውን እየበላ እንደሆነ፣ ገበሬው እሷን እንደሚያይ፣ እሷ ደግሞ ሰማይ ሰማይ እንደምታይ ነገረችኝ። እንቅልፍ የለኝም እማዬ አለች። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት እንቅልፍ የለኝም የሚለውን ነው። በማግስቱ በሶ ፈጨሁ፣ ጋቢ አጠብኩ። አባቷ ደምሴ ደጅ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና ተምቹን በጋቢ ልታፍኚው ነው ወይ አለኝ። ጋቢውን ገመድ ላይ አሰጣሁት።

ለራሴ የምቀባውን ለጋ ቅቤ በአሪቲ አሽቼ በብልቃጥ ያዝኩ። ብልቃጡ ክዳን የለውም። በእኛ ብርድ ቅቤ ክዳን አይፈልግም፤ ብትገለብጡት አይወርድም፣ በሹል ነገር ካልቆፈራችሁት አይወጣም። አፉን በቁራጭ ጨርቅ ወትፌ ከዘንቢሌ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

ከደብረ ብርሃን የደሴ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጣርማበር ዋሻው ውስጥ ገብተን ስንወጣ አገሩ ከእግራችን ሥር ገደል ሆኖ ቁልቁል ወረደ። ጆሮዬ ተደፈነ። ደብረ ሲና ላይ ነጠላዬን አወለቅኩ፣ ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ ሹራቤን፤ ከዚያ በኋላ የሚወልቅ ነገር አጥቼ ዝም ብዬ ቀለጥኩ። ብቻዬንም አልቀለጥኩም። ከጎኔ የሰንበቴ ከተማ ሰው፣ የከብት ነጋዴ ተቀምጧል። ኮቱን አጥፎ ከዘንቢሌ ሥር አድርጎት ነበር። ሲያነሳው ቅቤው በጨርቁ ውስጥ አልፎ፣ ዘንቢሉንም አልፎ፣ ኮቱ ጀርባ ላይ ፈስሷል።

ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ኮቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና “እህቴ፣ እሑድ ገበያ ይዤው ብወጣ ከበሬዎቼ ይልቅ እኔን ነው የሚገዙኝ” አለ። ፌስታል ፈልጎ ብልቃጡን በራሱ እጅ ጠቀለለልኝ። ስለ ተምቹም እሱ ነው ብዙ የነገረኝ። ከአሜሪካ የመጣ ነው ይባላል አለ። ሰው ወደዚያ ለመሄድ ስንት ወረፋ ይዞ ይቆማል፤ እሱ ያለ ቪዛ ወደዚህ መጣ ብሎ ሳቀ። ከኋላችን ያሉት ተቀብለው ቪዛውን፣ ሻንጣውን፣ አጎቱ ማን እንደሆነ እያወሩ ሰንበቴ ደረስን። እኔ አልሳቅኩም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነገር የኛን ዳገት መውጣት ያቅተዋል ወይ እያልኩ አስብ ነበር።

ከሚሴ ሲመሽ ገባን። ባጃጅ ይዤ ወደ ጨፋ ስወጣ ጭቃ ያዘን። ሾፌሩ ወርዶ ገፋ፣ እኔ ወርጄ ገፋሁ፣ አንድ ከገበያ የሚመለስ ሽማግሌ አህያውን አቁሞ ገፋልን። የኛ ጭቃ ጫማ ያወልቃል፤ የነሱ ጥቁር ጭቃ እግር ካልቀረ ብሎ ይከራከራል። እስከ ጉልበቴ ተለስኜ ስደርስ እትዬ ዘሃራ ብርቄን ቀድማ ወጣችና “በጋ ነጋን ዱፍቴ” አለችኝ። በኦሮምኛ እንኳን በደህና መጣሽ ማለት መሆኑን አላውቅም፤ ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ። እሷም አልሳቀችብኝም፤ ውኃ ሞቅ አድርጋ እግሬን በእጇ አጠበችልኝ።

ልጄ ግን ከስታለች።

*ረቡዕ*

ጾም ነበር። እትዬ ዘሃራ ሥጋ ያልነካው ድስት የለኝም ብላ በጠዋት ከጎረቤት አዲስ ሸክላ አስመጥታ ሽሮ ሠርታልኝ ነበር። እንጀራው የማሽላ ነው፤ ከኛ የገብስ እንጀራ ለስለስ ይላል፣ ጣዕሙ ወደ ጣፋጭ ያደላል። እሷ የኔ አበላል አያጠግባትም፤ ቆማ “ኛዱ፣ ኛዱ” ትለኛለች፤ ብዪ ማለቷ ነው። በእኛ አገር እንግዳን ሁለቴ ብዪ ይሉታል፤ እዚያ እስኪያለቅስ ነው።

ከቁርስ በኋላ ማሳ ወረድን። እናንተ፣ የጨፋን ሜዳ ብታዩ። በእኛ አገር መሬት ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው፤ እዚያ ዓይን የሚያርፍበት እስኪያጣ ድረስ ዝርግ ነው፤ መሐሉን ቦርከና ወንዝ ይሄዳል። በቆሎው ወገብ ደርሷል። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ሲጠጉት ቅጠሉ ሁሉ በጥይት የተመታ ይመስላል። ብርቄ አንዱን እምቡጥ ገልጣ አሳየችኝ። ትሉ እዚያ ውስጥ፣ የራሱን ኩስ እንደ መጋዝ ብናኝ ከላዩ ቆልሎ ተኝቷል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ምልክት አለው። እኔ የማውቀው ጠላት በረዶና ፍልፈል ነው። በረዶ መጥቶ ይሄዳል፣ ፍልፈልም ቢሆን ጉድጓድ አለው። ይሄ ግን ምግቡ ውስጥ ተኝቶ ይበላል።

መንደሩ ደቦ ወጥቶ ነበር። ለአጨዳ ሲሆን አይቻለሁ፣ ለቤት ሥራም አይቻለሁ፤ ለትል ለቀማ ደቦ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወንዱም ሴቱም በየእጁ ሃይላንድ ይዞ እምቡጡን እየገለጠ ትሉን በጣቱ አውጥቶ ይከታል። ገሚሱ እምቡጡ ውስጥ አመድ ይጨምራል። መንገደኛ ቢያልፍ እንኳ ጥቂት ለቅሞ ካልሆነ አያሳልፉትም። እኔም ተሰለፍኩ። የመጀመሪያውን ስነካው ሃይላንዱን ወርውሬ ሮጥኩ። እትዬ ዘሃራ አንስታ ሰጠችኝና እንዳላፍር ብላ እሷም መጀመሪያ ቀን ቦርከና ድረስ እንደሮጠች ነገረችኝ። አልሮጠችም፤ ብርቄን ጠይቄያታለሁ።

ማሳው ዳር እንጨት ላይ ባልዲ የመሰለ ነገር ተሰቅሏል። ተምቹን የሚወልደው የእሳት እራት፣ የወንዱ ወጥመድ ነው አለችኝ ልጄ። “ውስጡ የሴቷ ሽታ አለ። ወንዱ ሚስት አገኘሁ ብሎ ይገባል፤ መውጫ የለውም። ስንት እንደገባ አይተን ትሉ መቼ እንደሚበረታ እናውቃለን።” በልጄ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ አፍሬ ወደ ሌላ ዞርኩ። ሽታ ስትለኝ እንደ ሽቶ በጠርሙስ ያለ ነገር መሰለኝ። ምን ይመስላል ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተጻፈ።

*ሐሙስ*

ብርቄ ስለዚሁ ተምች ለሁለት ቀን ስብሰባ ከሚሴ ሄደች። እኔ የእናት ሥራዬን ያዝኩ። ወለሉን ጠረግኩ፣ መጽሐፎቿን አራገፍኩ፣ መደርደሪያዋን ወለወልኩ። መደርደሪያው ላይ በብርማ ወረቀት ተጠቅልላ አንዲት ላስቲክ አገኘሁ። ልክ የመርፌ መድኃኒት ጠርሙስ ውታፍ ናት። ብልቃጤ ላይ ብሞክራት ልክክ አለች። ለዚያ ነጋዴ ኮት እያዘንኩ፣ እግዜር የሰጠኝን ክዳን አመስግኜ ብልቃጡን መስኮት ላይ አጋደምኩት። ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው ቀልጦ ላስቲኳን ሲያጥባት ዋለ። ከሰዓት በኋላ አናቴ ሲቃጠልብኝ ጥሩ አድርጌ ተቀባሁ። አገሩ ሞቃት ስለሆነ አልሳሳሁም።

ከዚያ ያው መጀመሪያ የጻፍኩላችሁ ሆነ።

እትዬ ዘሃራ አምፖሉን በገመድ ጎትታ አጠገባቸው አመጣችላቸው፤ እምቢ አሉ። በመጥረጊያ ሞከረች፤ እኔን መታች እንጂ እነሱን አልመታችም። መጨረሻ የወባ አጎበሯን አወረደችና በረንዳው መሐል ሰቅላ እኔን ከነዱካዬ ከተተችኝ። እኛ ብርድ እንጂ ወባ አናውቅምና አጎበር ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። እነሱ ከውጭ ተለጠፉበት። ነጩ አጎበር እያየሁት ግራጫ ሆነ፤ ሁሉም ክንፉን ያርገፈግፋል። ራቴ ከሥር ተገፍቶ ገባልኝ።

የሰፈሩ ሰው እየተጠራራ መጣ። ሴቶቹ ዙሪያዬን ቁጭ ብለው አላህ ያንሳልሽ እያሉ ዱአ አደረጉልኝ፤ እኔም ከውስጥ አሜን እላለሁ። አንድ ገበሬ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያሰላ ቆይቶ ሐሳብ አመጣ። ሴትየዋን ከነአጎበሯ ማሳው መሐል ብናስቀምጣት ያገሩ የእሳት እራት ሁሉ ይመጣል፣ እኛ ዙሪያዋን ቆመን እንጨርሰዋለን አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከውስጥ ሆኜ ሐሳቡ መጥፎ አልመሰለኝም።

እትዬ ዘሃራ ተነስታ በሰውየውና በኔ መሐል ቆመች። “እንግዳዬ ናት” አለችው። “ወጥመድ አይደለችም።”

*ዓርብ*

ሲነጋ አንድም አልነበረም። ቀን ቀን የት እንደሚገቡ አላውቅም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። እዚያ ብቆይ የልጄን አገር ተምች እኔ ላይ ላሰባስብ ነው። ወደ ቤቴ ብሄድ ይዣቸው ልገባ ነው። ብርቄ ስልኳን ዘግታለች። ከሚሴ ወርጄ ራሷን ላገኛት ወሰንኩ።

ስብሰባው ያለበት ግቢ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ደብዳቤ ጠየቀኝ። ደብዳቤ የለኝም፣ የምትሰበሰቡባቸው ነገሮች ግን እኔ ጋ ናቸው አልኩት። ወንበሩን ለቀቀልኝና እረፊ እናቴ አለኝ፤ ፀሐይ የመታኝ መስሎታል። ስብሰባው እስኪያልቅ ብዬ ብጠብቅ ሰዎቹ በሌላ በር ወጥተው ኖሮ እኔ እዚያው ቀረሁ። ጥበቃው ራሱ እንግዶቹ የሚያርፉበትን ቤርጎ አሳየኝ። የቤርጎው ባለቤት ጋሽ ሁሴን ክፍል ሁሉ ተይዟል አሉኝ፤ የባለሙያዋ እናት መሆኔን ሲሰሙ ግን የራሳቸውን ክፍል ለቀው እሳቸው ሱቅ ውስጥ ሊተኙ ሄዱ። በእኛ አገር ጎረቤት ያደርገዋል፤ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሲያደርገው አላየሁም ነበር።

ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ እንግዶች ራት ይበላሉ። የጾም ሽሮዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ስትገባ ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ከግቢው ጀርባ በቆሎ ማሳ መኖሩን ያየሁት ያኔ ነው።

መጡ።

መጀመሪያ አጠገቤ የነበሩት ሰሃናቸውን ይዘው ተነሱ። ቀጥሎ ጋሽ ሁሴን የግቢውን መብራት ሁሉ አጥፍተው በሩ ላይ አንድ ብቻ አበሩ፤ እንግዲህ ወደዚያ ይሂዱ ብለው ነው። አልሄዱም። በጨለማው ውስጥ ሁሉ ሰው የኔን ራስ ያያል። ከወዲያ ጠረጴዛ መነጽር ያደረጉ ሰውዬ የስልካቸውን መብራት አብርተው መጡ። ከክልል የመጡ የተባይ ዶክተር ናቸው። እንዴት ነዎት አላሉኝም። ደብተር አውጥተው ነጠላዬ ላይ ያሉትን መቁጠር ጀመሩ፤ ሲጨርሱ እናቴ፣ ቀና ይበሉልኝ፣ ከአንገትዎ በታች ያሉት አልታዩኝም አሉኝ። ቀና አልኩላቸው። ምን ላድርግ።

ብርቄ የገባችው ያኔ ነው። ከሩቅ ሳቀች፣ ቀረብ ስትል ሳቋን ተወች። መጥታ ራሴን አሸተተችና የቅቤና የአሪቲ ሽታ ብቻ ሆነባት። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ።

“እማዬ፣ ቤቴን አጽድተሻል?”

“ማን ያጽዳልሽ ታዲያ።”

“መደርደሪያው ላይ ላስቲክ ነበረች።”

“ብልቃጤን ከደንኩባት” አልኳት። “ከቅቤው ብልቃጥ ጋር ልክክ አለች።”

ልጄ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዶክተሩ መጻፍ አቆሙ። የሴቷ ሽታ የተባለው ነገር ያቺው ላስቲክ ኖራለች፤ ለአዲስ ወጥመድ የመጣች፣ የቀረችውም እሷው ብቻ። በቅቤ አሟሙቼ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ተቀብቼያታለሁ። የጨፋ ወንዶች ሁሉ ሚስት አገኘን ብለው ነው የመጡት። በዚህ ዕድሜዬ።

ዶክተሩ እነዚህ ወንዶች ብቻ ስለሆኑ እንቁላል እንደማይጥሉ አስረዱኝ። ባል የሄደበት ሚስት ትቀራለች ወይ አልኳቸው። ሚስቲቱ በሌላ ምክንያት ነው የምትመጣው ብለው ጀመሩና ተዉት። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። “ይህን ራስ ይዤ ብሄድ ገብሴ ድረስ ይከተሉኛል?”

አሰቡ። ደጋው ብርድ ነው፣ አይመቻቸውም አሉ። ግን ደግሞ ቅቤ ላይ የተቀባ ሽታ ስንት ቀን እንደሚቆይ ተሞክሮ አያውቅም አሉ። “እርግጠኛ ሆኜ አይከተሉም ልልዎት አልችልም እናቴ።”

በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ በእንዶድ አንዴ። አራቴም ተመልሰው አረፉ።

“ላጩኝ” አልኩ።

*ቅዳሜ*

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ማን ሞተብሽ እናቴ አለኝ፤ ምላጩን አንስቶ አስቀመጠው። ብርቄ ማንም እንዳልሞተ፣ ነገሩ የተምች መሆኑን ነገረችው። ለሱ ይሄኛው የባሰበት መሰለኝ። ሲላጨኝ በፊቴ መስታወት ነበር፤ አላየሁትም። ብርቄ የወረደውን ሁሉ ለቅማ በፌስታል ቋጠረችው። ትጥለዋለች ብዬ ነበር። ጨፋ ስንመለስ ግን በሻሽ ቁራጭ አስራ ላስቲኳ ልትገባበት የነበረው ወጥመድ ውስጥ ሰቀለችው።

እትዬ ዘሃራ ራሴን አይታ ወደ ጓዳ ገባች። የክት ሻሽዋን ይዛ ወጣች፤ ጥቁር ነው፣ ዳሩ የተጠለፈ። በራሷ እጅ አሰረችልኝ። እምቢ ልላት ስል አለቀሰች፤ ስለዚህ እምቢ አላልኩም።

ሲመሽ አምፖሉ ሥር ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ቆመ። አንድ መጣ። በአፍንጫዬ አጠገብ አለፈ። በረንዳውን አቋርጦ ወደ ማሳው ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጠዋት ባልዲው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ ገበሬዎቹ ያን ወጥመድ እስካሁን የብርቄ እናት ይሉታል። ባለፈው ሲደውሉ የብርቄ እናት ትናንት ጥሩ ያዘች አሉኝ። ልጄም ትሉ የሚበረታበትን ቀን ቀድማ አውቃ ለቀማውን በጊዜ አስወጣቻቸው፤ ግማሽ ይቀራል የተባለው በቆሎ ብዙው ተርፏል። ሽበቴ ከዚህ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

*እሑድ*

አውቶቡሱ ሰንበቴ ላይ ገበያው ውስጥ ተያዘ። ከብቱ መንገዱን ሞልቶታል፤ ከአፋር የመጡት ግመሎች በመስኮት ያዩናል። ያ የቅቤ ኮት ያለው ነጋዴ በሬ ሲጎትት አየኝና ሰላም ሊለኝ ፈገግ ብሎ መጣ። ጥቁር ሻሹን፣ ከሥሩም ባዶ መሆኑን ሲያይ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። አላህ ያጽናሽ እህቴ አለኝ። ማንም አልሞተም አልኩት። አዎ፣ አዎ፣ አይዞሽ አለኝ፤ ቃሌን በሐዘን የተነካ ሰው ቃል አድርጎ ወሰደው። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ብርቱካን አቀበለኝ።

ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ፍርሃቴ ተመለሰ። ራሴ ጸድቷል፤ ጋቢዬስ? ዘንቢሌስ? ጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ ሾፌሩን አስቆምኩት። ሰው ለሌላ ጉዳይ የወረድኩ መስሎት ዞር አለ። እኔ ጋቢዬን ገደሉ ላይ አራገፍኩ፣ ነጠላዬን አራገፍኩ፣ የተረፈውን በሶ እንኳ ከፍቼ አየሁ። ከዚያ ተመልሼ እናንተስ አታራግፉም ወይ አልኳቸው። ከየት እንደመጣሁና ምን እንደደረሰብኝ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ አንዷ ሴት ቀስ ብላ ነጠላዋን አየች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭጋጉ ውስጥ ቆሞ ልብሱን ያራግፋል፤ ሾፌሩም የወንበሩን ጨርቅ ይዞ ወረደ። ከአንድ ቄስ ካባ ውስጥ አንድ ግራጫ ነገር ወደቀ። ከበብነው። ብርዱ ላይ ሁለት ጊዜ ክንፉን አነሳ፣ በሦስተኛው ቀረ።

የዚያን ቀን ደብረ ብርሃን አደርኩ።

*ሰኞ*

ሠፈራችን ስገባ መጀመሪያ ያየችኝ ማንጠግቦሽ ናት፤ አጥር ለአጥር ነን። ልታቅፈኝ ስትሮጥ ሻሼ ተንሸራተተ። የተላጨ ራስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ሳይታሰብ የተመለሰች እናት። በእኛ አገር እናት ራሷን የምትላጨው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማንጠግቦሽ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና “ብርቄ፣ ብርቄዋ” ብላ ጮኸች።

አልሞተችም አልኳት። ጩኸቷ ይባስ ከፍ አለ። ከወዲያ ማዶ ተቀበሏት። ከእርሻ፣ ከወንዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰው ይጎርፋል። ለመጣው ሁሉ ፀጉሬን የተላጨሁት በተምች ምክንያት ነው፣ ፀጉሬም ጨፋ ተሰቅሎ ወንዶች እየጠራ ነው እላለሁ። ይህን ስል ሰው የባሰ ያለቅሳል፤ ልጇን ቀብራ አእምሮዋም ሄደ ይሉኛል። ደምሴ ማረሻውን ጥሎ መጣ። ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተና ተቀመጠ። ይሄን አልቻልኩትም። ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ ልጃችን በሕይወት አለች ብለው አላየኝም።

ስልኩ አይነሳም፤ ኔትወርክ የለም ይላል። ገብሱን ላየው እንኳ አላሳለፉኝም፤ ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም ብለው ሁለት ሴት በሁለት ክንዴ ገቡ። ቀኑ እንዲህ ዋለ። ዳቦ የጋገረ፣ ንፍሮ የቀቀለ መጣ። ለዓይን ያዝ ሲል የሶላር መብራቷን መሐል ላይ አስቀመጡ፤ ሁሉም ዙሪያዋን ተቀምጦ ቀስ ብሎ ያለቅሳል።

አንድ የእሳት እራት በበሩ ገባ።

ሻሼን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያገራችን ነው፣ ቡናማ፣ ወፍራም፤ ግን እኔ ያን ጊዜ ምን አውቄ። ወደኔ መጣ። ከራሴ በላይ አንዴ ዞረ። ከዚያ ሄደና መብራቷ ላይ ራሱን ይደበድብ ጀመር፤ ጡ፣ ጡ፣ ጡ። እንደ ማንኛውም የእሳት እራት። ሳቅ አመለጠኝ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ስልኩ ያኔ ጮኸ። ደምሴ ነው ያነሳው፤ የትኛውን እንደነካ እንጃ፣ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ወጣ።

“እማዬ” አለች ብርቄ። “እትዬ ዘሃራ አላስቀምጥ አለችኝ እኮ። ደረስሽ ወይ?”

ለቅሶው ቀጥ አለ። ማንጠግቦሽ አፏ እንደተከፈተ ቀረች። ደምሴ ስልኩን በሁለት እጁ እንደ ታቦት ይዞ ወደኔ አስጠጋልኝ። እኔ መብራቷን አየሁ፣ ሞኙ አሁንም ይደበድባታል።

“ደርሻለሁ ልጄ” አልኳት። “ማንም አልተከተለኝም። ደህና ነኝ።”